ለስድስት ሰው የተሠራ ባሌስትራ

በዚህ ሙያ ሃያ ሁለት ዓመት ስሠራ አንድ ነገር ጠንቅቄ አውቄያለሁ፤ ጅማ ውስጥ ስለ ጭነት እውነቱን የሚናገር ደንበኛ አልተፈጠረም። ባለ ባጃጁ «ሦስት ሰው ብቻ ነው የምጭነው» ብሎ ይምልልሃል፤ ከሰዓት መንገድ ላይ ስታገኘው ሰባት ሰውና አንድ በግ ጭኖ፣ ለሰላምታ ጡሩምባ ነፍቶልህ ያልፋል። ባለ አይሱዙው «ሃምሳ ኩንታል» ካለህ ሰማንያ ነው ማለት ነው። ስለዚህ እኔ ፍስሐ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር ውስጥ ባሌስትራ፣ የመኪናን ጭነት የሚሸከመውን ተጣጣፊ ብረት፣ የምጠግነው ሰው፣ የራሴ ደንብ አለኝ፤ ደንበኛው የነገረኝን በትሕትና እሰማለሁ፣ በልቤ በሦስት አባዛዋለሁ፣ ለዚያ የሚመጥን ብረት አስገባለሁ። በዚህ ደንብ የተሠራ ባሌስትራ ተሰብሮ ተመልሶብኝ አያውቅም። የሰው ወገብ ግን ልሰብር ትንሽ ነበር የቀረኝ።

ነገሩ የጀመረው ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ነው። አንድ አይሱዙ ጋራዤ በር ላይ ቆመና ከላዩ በገመድ የታሰረች ነጭ ነገር ማውረድ ጀመሩ። አራት ትንንሽ ጎማ፣ ከላይ ጣሪያ፣ በር የሚባል የለ፣ መስኮት የሚባል የለ፣ ስድስት ሰው የሚያስቀምጥ ወንበር ብቻ። የጎልፍ መኪና ናት። ከከተማው ወጣ ብሎ የነበረ አንድ ሎጅ እንግዶቹን በሳር ላይ ያንሸራሽርባት ነበር፤ ሎጁ ሲዘጋ ዕቃው ተሸጠ። የሰፈሩ ሰው ሥራውን ትቶ ከበባት። ባለቤቴ ጽዮናዊት ከጋራዡ ጎን ብሎንና ዳዶ የምትሸጥበት ሱቅ አላት፤ ከባንኮኒዋ አንገቷን አውጥታ፣ «ይቺ ደግሞ የማን ሙሽራ ናት? ድንኳኗን ይዛ መጣች እኮ!» አለች።

ከአይሱዙው ጋቢና፣ ከዘራቸውን አስቀድመው፣ አንድ ቀጭን ሽማግሌ ቀስ ብለው ወረዱ። ሀጂ ሙሀጅር ይባላሉ፤ ከጅማ ወጣ ብላ የቡ በምትባል ከተማ የቡና ማሳ ያላቸው፣ ሰባ ስምንት ዓመት የሞላቸው ሰው ናቸው።

«ፍስሐ የምትባለው አንተ ነህ?»

«አዎ ሀጂ፣ ይግቡ፣ ይቀመጡ።»

«መቀመጡስ አይቸግረኝም፤ መነሣቱ ነው» አሉና በርጩማው ላይ አረፉ። «ይቺ ሳር ላይ ያደገች ናት። የኛን አገር መንገድ አታውቀውም። አንድ ጆንያ እሸት ቡና ከኋላ ስጭንባት ሆዷ መሬት ይነካል፤ ድንጋይ ይፍቃታል። የኋላዋን አጠንክርልኝ።»

«ስንት ሰው ነው የሚጭኑባት?»

«ሰው? ሰው የለም። እኔ ብቻዬን ነኝ። አንዳንዴ አንድ ጆንያ።»

ራሴን ነቀነቅሁ። አንድ ሰው በሦስት ሲባዛ ሦስት፤ ጆንያዋም እንዲሁ። ስድስት ሰው፣ አልኩ በልቤ። ወንበሩም ስድስት ነው። ማንን ሊያታልሉ ነው?

ሀጂ ግን ወሬያቸውን አልጨረሱም ነበር። ባለቤታቸው ሀዋ ካረፉ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጆቻቸው ሁሉ አዲስ አበባ ናቸው፤ ታላቋ አፊፋ ነርስ ናት። ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ አፊፋ «ቤቴ ናና ከእኔ ጋር ኑር» ብላ ያዘቻቸው። «ቤቷ አራተኛ ፎቅ ነው» አሉኝ። «ሄጄ አይቼዋለሁ። ከዚያ ላይ ቡና አይታይም። ሰውም ከላይ ሲያዩት ጭንቅላት ብቻ ነው።» በመጨረሻ ተስማሙ፤ በዘንድሮ ለቀማ እሳቸው ራሳቸው እየነዱ ማሳቸው ደርሰው መመለስ ከቻሉ የቡ ይቀራሉ። ካልቻሉ ዕቃቸውን ጠቅልለው ይሄዳሉ። ኅዳር አጋማሽ ላይ አርብ ቀን መጥታ በዓይኗ አይታ ልትፈርድ ተቀጣጠሩ።

«ስለዚህ አንተ ልጅ፣» አሉኝ፤ እኔ አርባ ስድስት ዓመቴ ነው፣ «የምትሠራው ባሌስትራ አይደለም። ቤቴን ነው።»

እንዲህ የተባለ ሰው እንዴት አድርጎ ይሠራል? ነፍሴን ሰጥቼ ሠራሁ። የመጀመሪያው ባሌስትራ በየጎኑ ሦስት ቀጫጭን ብረት የተደራረበበት ነበር፤ እንደ ገለባ የሳሳ። አውጥቼ ጣልኩት፤ ከዚያም አልፌ ቆራርጬ ለሌላ ሥራ አዋልኩት። በምትኩ ከአሮጌ ሚኒባስ የወጣ ወፍራም ብረት ቆረጥኩ፣ በእሳት አጋልኩ፣ በመዶሻ ቅስቱን ሰጠሁት፣ በዘይት ነክሬ አጠነከርኩት። በየጎኑ አምስት አምስት። ጽዮናዊት የብሎን ጣሳዋን ይዛ መጥታ ቆም ብላ አየችው።

«ሰውየው ብቻዬን ነኝ አላሉም?»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሁሉም እኮ ሀጂ ሙሀጅር አይደለም።»

«አንቺ ብሎንሽን ሽጪ!» አልኳት። እውነት የምትናገር ሴት ባሏ ሲሠራ ለምን እንደምትመጣ አይገባኝም።

ሥራው ሲያልቅ ከገበያ ስድስት ወዛደር ጠርቼ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። መኪናዋ አልተነቃነቀችም። ሰፈሩ አጨበጨበ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። ሀጂ እጄን ይዘው «አላህ እጅህን ይባርከው» ሲሉኝ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ደስ ሲለኝ እንደዚህ ነኝ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ረቡዕ ከሰዓት ስልኬ ጮኸ።

«ፍስሐ፣» አሉ ሀጂ፤ ድምፃቸው ከሩቅ የሚመጣ ይመስላል፣ «ባሌስትራህ ጠንካራ ነው፣ ማሻአላህ። እኔ ግን አይደለሁም።»

ሰኞ ዕለት ብቻቸውን ማሳቸው ሊሄዱ ወጥተው መኪናዋ በየጉድጓዱ ወደ ላይ ስትወረውራቸው፣ ወገባቸው ተይዞ ከመንገድ ተመልሰው ተኝተዋል። አፊፋ ደግሞ ከነገ ወዲያ፣ አርብ ጠዋት ትደርሳለች። ስልኩን ስዘጋው ጆሮዬ ይግል ነበር። አፍሬ ነው። ጽዮናዊት የሚኒባስ ዋጋ ከመሳቢያዋ አውጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ የቡ ደረስኩ። ሀጂ በረንዳ ላይ ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። መኪናዋን ብቻዬን ነድቼ መንገዱ ላይ ሞከርኳት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ! እሷን መንዳት ሳይሆን እንደ ቆሎ መቆላት ነበር። ስድስት ሰው ሲቀመጥባት ያልተነቃነቀችው ለካ ጉብዝና አልነበረም፤ ግትርነት ነው። ባሌስትራ መታጠፍ አለበት፤ የሚያጥፈው ክብደት ካላገኘ ድንጋዩን ተቀብሎ በቀጥታ ለተሳፋሪው ወገብ ያቀብለዋል። ይህን ለማንም ተለማማጅ የምነግረው እኔው ነኝ።

«ታዲያ ከብረቱ ቀንስላት» አሉኝ ስመለስ።

«ብቀንስም የሚቀሩት ወፍራሞች ናቸው ሀጂ። የድሮዎቹን ቆራርጫቸዋለሁ። ቀጭን ብረት ደግሞ ጅማ ገበያ አይገኝም፤ ቀጭን የሚፈልግ ሰው የለማ! ከአዲስ አበባ አስመጥቼ እስክሠራው ሁለት ሳምንት ይፈጃል።»

«ነገ ነው የምትመጣው።»

«አውቃለሁ። ለጊዜው ክብደት ብንጭንባት ትለሰልሳለች። አሸዋ በጆንያ...»

«አሸዋ ጭኜ ስዞር ብታየኝ፣ አባቴ አእምሮውን ሳተ ብላ በነጋታው ሳይሆን በዚያው ሰዓት ትወስደኛለች» አሉ። ከዚያ፣ «ሰውስ ቢሆን?» አሉኝ።

«ሰውማ ከሁሉ ይሻላል። አራት ሰው ቢሳፈር እንደ ሶፋ ትሆናለች።»

«አራት ሰው» አሉ ሀጂ፣ የማይገኝ መድኃኒት እንደታዘዘለት ሰው። «ከየት ይመጣል? መንገድ ላይ ሳልፍ ሰዉ ሁሉ ዳር ይዞ ይቆምልኛል፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላም ይለኛል። ኑ ተሳፈሩ ስላቸው "ሀጂ፣ አናስቸግርዎትም" ነው መልሱ። ደጋግሜ ስለምን እንደ ትእዛዝ ይሆንባቸዋል ብዬ ተውኩት። ይኸው ሀዋ ካረፈች ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ እያከበሩኝ አለሁ።»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጋራዤ ውስጥ በርጩማው ላይ ተቀምጠው «እኔ ብቻዬን ነኝ» ሲሉኝ፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እውነቱን የነገረኝ ብቸኛው ደንበኛ እሳቸው ነበሩ። እኔም በሦስት አባዛሁት። እኔ ደግሞ ሳዝን የሚመጣብኝ ንዴት ነው።

ተነሥቼ ወደ መንገዱ ወጣሁ። አራት ሴቶች ቅርጫት ይዘው ወደ ለቀማ ይሄዳሉ፤ ከፊት ያለችው ወፍራም፣ ሳቂታ የምትመስል ሴት ናት። በኋላ እንዳወቅኋት ሳሊሀ ትባላለች፤ ከሀጂ ቤት ሦስተኛው አጥር ነው ቤቷ።

«ኑ ተሳፈሩ!» አልኳቸው።

ሳሊሀ በረንዳው ላይ ያሉትን ሽማግሌ አየችና እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አይ፣ ሀጂን አናስቸግርም፤ በእግራችን...»

«ስለ እናንተ እግር ማን ጠየቀ!» ጮህኩ። «የሰውየው ወገብ ሊሰበር ነው! እኔ ነኝ ያጠፋሁት፤ ለስድስት ሰው የሚሆን ባሌስትራ ሠርቼ ሰጠኋቸው፤ ክብደት ከሌለባት ትወረውራቸዋለች። የምፈልገው ክብደት ነው! ክብደት ካላችሁ ተቀመጡ፣ ከሌላችሁ ዞር በሉ!»

ሴቶቹ ደንግጠው ተያዩ። ከዚያ ሳሊሀ ቅርጫቷን ለጎረቤቷ አቀበለችና ሳቋን ለቀቀችው። «ክብደት ከሆነ የተፈለገው እዚህ አለን! ለሀጂ ወገብ ከሆነማ ምን ገዶን፤ ቢስሚላህ!» ብላ ከኋላ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። ሌሎቹም ተከተሏት። ሀጂን ደግፌ ከመሪው ኋላ አስቀመጥኳቸው፤ እኔ ከጎናቸው ሆንኩ።

የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ሀጂ ጥርሳቸውን ነክሰው መሪውን ጨበጡ። መኪናዋ ዝቅ አለች፣ ተንፈስ አለች፣ አለፈች። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሀጂ ቀስ ብለው ትከሻቸውን ለቀቁ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? የኔዋ ግን ተገላቢጦሽ ናት፤ ሸክም ሲጨመርላት ነው ሸክሟ የሚቀለው።

ሞተሯ በባትሪ ስለሆነ ድምፅ የላትም፤ ስለዚህ ወሬው ሁሉ ይሰማል። ሳሊሀ ከኋላ ሆና የማን ላም የማንን ችግኝ እንደበላ ጀመረች። ሀጂ «ኧረ ተይ፣ ዋላሂ በይ!» አሉ። ወዲያው ሌላዋ ስለ ላሟ ባለቤት ጨመረችበት። በኦሮምኛና በአማርኛ እያቀላቀሉ ማሳው እስክንደርስ ጉዳዩን ችሎት አቆሙት፣ ሀጂም ፍርድ ሰጡ። ለላሟ ፈረዱ። ሴቶቹ ሲስቁ መኪናዋ ከሥራቸው ትርገበገብ ነበር።

አርብ ጠዋት እንደገና ከጅማ መጣሁ። ጥፋት የሠራ ሰው ሌላው እስኪያጋልጠው መጠበቅ የለበትም። አፊፋ ቀድማኝ ደርሳለች፤ ቁመቷ የአባቷ ነው፣ ዓይኗ ግን ቆጣ ይላል። በረንዳው ላይ ከጎኗ ትልቅ ሻንጣ አለ፤ ክፍት ነው፣ ባዶ ነው። የሀጂን ልብስ ልትወስድበት ነው ያመጣችው።

«አንተ ነህ የአባቴን ወገብ የመታኸው?»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

እንደዚያ እንደምመልስ አልጠበቀችም መሰል፣ ዓይኗን ከእኔ ወደ ሻንጣው መለሰች። «ከእንግዲህ ብቻውን የሚሆንበት ነገር የለም» አለች ቀጥላ። «ማታ ወድቆ ቢያድርስ? ስልክ ባያነሣ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

«ስምምነታችን ግን ማሳዬ ደርሼ እስክመለስ ነው» አሉ ሀጂ። ነጭ ልብሳቸውን ለብሰዋል፤ ከዘራቸውን ለእኔ ሰጡኝና መሪው ኋላ ተቀመጡ። «ነይ፣ ከጎኔ ተቀመጪና እይ።»

አባትና ልጅ ሁለት ሆነው ተነሡ። በሩ ላይ ባለችው ቦይ ስትወጣ መኪናዋ አነሣቻቸው። አፊፋ «ኡይ! በዚህ ነው የምትሄደው?» ብላ ጮኸች፤ አለቀልን አልኩ። ሀጂ ግን መኪናዋን አቁመው ወደ ሰፈሩ አጥሮች ዞሩ፣ በእጃቸውም እየጠሩ በኦሮምኛ «ኮታ! ኮታ!» አሉ፤ ኑ ማለታቸው ነው።

መጥራትም አላስፈለጋቸው። ሳሊሀ ቅርጫቷን ይዛ በሯ ላይ ቆማ ስትጠብቅ ነበር። ከወዲያ ሌሎች ሴቶች እየሮጡ መጡ። ከወዲህ አብዱልሰመድ የሚባል፣ እንደ ክር የቀጠነ ልብስ ሰፊ፣ ከስፌት መኪናው ላይ ተነሥቶ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ መጣ።

«ትናንት አንቺ ሄደሻል፤ ዛሬ የኔ ተራ ነው!» አላት አብዱልሰመድ ሳሊሀን።

«አንተ ምን ክብደት አለህና ነው? ንፋስ ነህ እኮ! ለሀጂ ወገብ የሚጠቅም ሰው ይቀመጥ!»

ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው አራቱም ወንበር ሞላ። አፊፋ ዞር ብላ አየቻቸው፤ ሳሊሀ ከልጅነቷ የምታውቃት ሴት ናት፣ ትከሻዋን ቸብ አደረገቻት። «አባባ፣ ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ሰው?»

«ጭነት ነው» አሉ ሀጂ፣ ኮራ ብለው። ሄዱም።

እኔ በረንዳው ላይ ባዶውን ሻንጣ እያየሁ ቀረሁ። ለጁምዓ ሶላት ሊደርሱ ስለሆነ ይቸኩላሉ ብዬ ነበር፤ እነሱ ግን የሚመለሱት ቀስ ብለው፣ መንገድ ላይ ሰው እያስቆሙ፣ እየተጨዋወቱ ነው። አፊፋ ስትወርድ እቅፏ ውስጥ ቀይ እሸት ቡና ነበር፤ ስቃ ስቃ ይሁን ሌላ፣ ዓይኗ ርሷል። ሌሎቹ ሲበተኑ ወደ እኔ መጣች።

«ለስንት ሰው ነው የሠራሃት?»

«ለስድስት።»

«ብቻውን ቢወጣባትስ?»

ለሃያ ሁለት ዓመት ዝናዬ የሚበጀውን መልስ አሰብኩ፤ እውነቱን ግን ነገርኳት። «ብቻቸውን አትሆናቸውም። ትመታቸዋለች። ሰው ሳይዙ መውጣት አይችሉም። ሁለት ሳምንት ስጪኝና አለስልሼ...»

«አይሆንም ማለት ነው? ብቻውን ፈጽሞ አይሆንም?»

«ፈጽሞ።»

አፊፋ በረንዳው ላይ ተቀመጠች። «እኔ እኮ የፈራሁት ጉልበቱን አይደለም፤» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የሚፈልገው ሰው ማጣቱን ነው። አንድ ቀን ባይወጣ ማን ይጠይቀዋል ብዬ ነው።» መንገዱን አየች፤ ሳሊሀና አብዱልሰመድ ለነገው ተራ ገና ይሟገታሉ። «ሳሊሀ ትጠይቃለች እንግዲህ» አለች።

እሁድ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ሻንጣው አቮካዶ ሞልቶበት እንደነበር ሀጂ በስልክ ነገሩኝ። የሳቸው ልብስ ግን አንድም አልገባበትም።

ታሪኩ እዚህ ባበቃ ጥሩ ነበር፤ እኔ ግን ያበላሸሁትን ሳላስተካክል እንቅልፍ የለኝም። ቀጭን ብረት ከአዲስ አበባ አስመጣሁ። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ ባሌስትራ ሠርቼ አላውቅም፤ በየጎኑ ሦስት፣ በጣት ቢጫኑት ዝቅ የሚል። ጽዮናዊት እንኳን «እሰይ፣ አሁን ለሰው ሠራህ» አለችኝ። ታኅሣሥ ላይ በጆንያ ጠቅልዬ፣ ተሸክሜ የቡ ሄድኩ።

ሀጂ ጆንያውን ፈትተው ብረቱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። «ማሻአላህ። ይህን ብታስገባላት ብቻዬን መሄድ እችላለሁ?»

«እንደ ሶፋ! ሰው የሚባል አያስፈልግዎትም።»

ቀና ብለው አዩኝ። «አንተ ልጅ፣ ምን አድርጌህ ነው?»

«እንዴ ሀጂ...»

«እነዚህ ሰዎች የሚሳፈሩት እኮ ውለታ ሊውሉልኝ ነው። ሀጂን እንረዳለን ብለው ነው በጠዋት በሬ ላይ የሚቆሙት። ይህን ለስላሳ ነገር ቢያዩ ነገ ሁሉም እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ "አናስቸግርዎትም" ይለኛል። መልሰህ ጠቅልለው። ለማንም እንዳታሳይ!» ጆንያውን ራሳቸው አሰሩት፤ ሁለት ጊዜ ቋጠሩት።

ተሸክሜው ወደ ሚኒባሱ ስሄድ ሳሊሀ ከአጥሯ ወጣች።

«ምንድን ነው የተሸከምከው?»

«ብረት ነው።»

«ለሀጂ መኪና ነው?» ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ጠፋ። «ልታለሰልሳት ነው የመጣኸው?»

«አይደለም፤ ሞክሬ ነበር፣ አልሆነም» አልኳት። «እሷ ለስድስት ሰው የተሠራች ናት። እንደዚሁ ነው የምትኖረው።»

«እሰይ!» አለችና ደንግጣ አፏን ያዘች። ወዲያው ፊቷን አኮሳትራ «ማለቴ... ወገባቸው ያሳዝናል። ምን ይደረግ፣ መቼስ አንተዋቸውም» አለች። ከዚያ ቅርጫቷን አንሥታ ወደ ሀጂ ደጅ ፈጠን ብላ ሄደች፤ ያን ቀን ተራው የእሷ ነበር።